ጩቤው እስኪደርስ

ረጀብ 17

ይህን ደብተር ዛሬ ገበያ ወርጄ ገዛሁት። ሽፋኑ ላይ ሮዝ አበባ አለበት። ሻጩ «ለትምህርት ቤት ነው እትዬ?» ሲለኝ «አዎ፣ ገና ላልተወለደ ተማሪ» አልኩትና ብቻዬን ሳቅኩ። እሱ ምን ይግባው! አሥረኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ከደብዳቤ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም፤ ግን እጄ አልረሳም። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

ጋይሻ መጣች! አንዲቷ ልጄ። ስድስት ዓመት በትዳር ቆይታ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ባዶ ሆዷ ላይ ሲንከራተት ኖሮ፣ ይኸው ሰባት ወሯን ይዛ ከባሏ የሽንኩርት መኪና ላይ ደጄ ወረደች። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው። ድንኳኗን ግቢው መሃል ተክዬላታለሁ፤ ምንጣፉ የእኔ የሠርግ ምንጣፍ ነው።

አባቷ ኤፋድ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብቻ ብሎ ወደ ወናፉ ተመለሰ። ግን መዶሻውን ሲያነሳ ያፏጭ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ሲያፏጭ የሰማሁት ሦስት ጊዜ ነው፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም እጽፋለሁ። የሚወለደው ልጅ አድጎ ሲያነበው «አያቴ አሰላማ ምንም ነገር አላመለጣትም» ይላል።

ረጀብ 19

በጥድፊያ። ኤፋድ ትልቅ ሥራ ይዟል። ከዋና ከተማ የመጣ ሰውዬ አዲስ ለሚከፍተው ሆቴል ግድግዳ አሥራ ሁለት መስቀልና አሥራ ሁለት ጩቤ አዝዟል። ረጀብና ሻዕባን አልቀው ረመዳን ሳይገባ መድረስ አለበት። ጌጡን ገዢዎቹ መስቀል ይሉታል። እኛ በቋንቋችን «የፈሰሰ» ነው የምንለው፣ ብሩ ቀልጦ ቅርጹ ውስጥ ስለሚፈስ። ሰውዬው «ክርስቲያኖች ናችሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ኤፋድ «አይ፣ አንጥረኞች ነን» አለው።

ጩቤዎቹ ስለት አያስፈልጋቸውም አለ ሰውዬው። ለማየት ብቻ ነው። ኤፋድ ከቆርቆሮ ይቆርጣቸዋል፣ እኔ አፎታቸውን በቀይና በአረንጓዴ ቆዳ እሰፋለሁ።

ረጀብ 20

ትናንት ዋናውን ነገር ሳልጽፍ ቀረሁ። ለጋይሻ ጩቤ ያስፈልጋታል። አራስ ያለ ብረት አትተኛም፤ ትራሷ ሥር ስለት ያለው ብረት ከሌለ የምድረ በዳዎቹ ሰዎች፣ የማይታዩት፣ ወይ እሷን ወይ ልጁን ይለውጡባታል። ሆዷ ከገፋ በኋላ ደግሞ ከግቢ ስትወጣም ብረቷን ይዛ ነው። ከገበያ የተገዛ አይሆንም። የቀጥቃጭ ልጅ የአባቷን ብረት ነው የምትይዘው፤ እውነተኛ ብረት፣ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ፣ እሳትና ውሃ የቀመሰ። እጀታው ላይ ትንሽ የብር መስቀል ይኖረዋል፣ ለልጁም እኩያዋ አንዲት መስቀል።

«መቼ ትጀምረዋለህ?» አልኩት።

«የሆቴሉን ልጨርስና።»

«ስንት ቀን?»

«ብረት ቀን አይቆጥርም አሰላማ።»

ይህ ሰው ሲያናድደኝም ያስቀኛል።

ረጀብ 22

ጋይሻ እያማረባት ነው! ፊቷ ሞላ፣ ክንዷ ሞላ፣ እግሯ ሞላ። እኔ ስዳር እንዲህ እንድሞላ ስንት ጣሳ ወተት በግድ ግተውኛል! እሷ ሳትጠጣ ሞላች። የሰፈር ሴቶች መጥተው እያዩ «ይህች ናት ሙሽራ!» ይላሉ። በሆዴ እኮራለሁ፣ በአፌ ደግሞ «ኧረ ተዉ፣ ሙቀቱ ነው» እላለሁ፣ ዓይን እንዳያርፍባት።

ጎረቤቴ ደሉም መጣች፤ ሐውሳዋ፣ ደጃችን ላይ የተፈጨ አደንጓሬ እያድቦለቦለች ጠብሳ የምትሸጠው። ምላሷ አያርፍም፣ ስለዚህ እንዋደዳለን። ዛሬ ግን ሳትቀልድ ጋይሻ እግር ሥር ቁጢጥ አለችና ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓድ ቀረ። ልክ ኤፋድ መስቀል የሚቀርጽበት ሰም ላይ ጣት ሲያርፍ እንደሚቀረው።

«አየሽው?» አለችኝ።

«አየሁት፤ ልጄ ሰም ሆናለች፣ የሚቀረጽባት ነገር አለ ማለት ነው» አልኳት።

ጋይሻ ሳቀች። ደሉ አልሳቀችም። አደንጓሬዋ ሳያርርባት አልቀረም።

ረጀብ 25

የጋይሻን ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ አገኘሁት። ባሏ አገር ሳለች ጤና ጣቢያ አይተዋት ነበር። «በሁለት ሳምንት ትመለስ» ይላል፣ ከሥሩ ሁለት መስመር ተሰምሮበታል። ነርሶች መስመር ይወዳሉ።

ሁለቱ ሳምንት ትናንት አለፈ። መሄዱ ክፋት የለውም፤ እኔ የተማርኩ ሴት ነኝ፣ ሐኪም አልጠላም። ግን የጤና ጣቢያው መንገድ ገበያውን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። በዚያ ሁሉ አፍ መካከል፣ እንዲህ አምሮባት፣ ያለ ብረት?

ኤፋድ «ቅርብ ነው እኮ» አለ።

«ቅርብ ነው። የሰው አፍም ቅርብ ነው። ጩቤው ይድረስና በማግስቱ እንሄዳለን።»

ወናፉን መርገጥ ጀመረ።

ረጀብ 28

ዛሬ ሳቅን እስክንሞት። የጋይሻ የሠርግ ቀለበት አልወጣ አለ። ሳሙና ሞከርን፣ ቅቤ ሞከርን፣ ደሉ «ምራቄን ልስጥሽ?» አለች። ጣቷ እንደ ተምር ጠቆረ። በመጨረሻ አባቷ ትንሿን መጋዝ አምጥቶ ቆረጠው። ራሱ ነበር የሠራላት፤ ውስጡ ስሟን በመርፌ ጽፎበት ነበር።

ሲቆርጠው እጁ ተንቀጠቀጠ። ብር ሲቆርጥ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም። ከሙቀቱ ይሆናል፤ ጥላው ሥር እንኳ አየሩ ይጋረፋል።

የተቆረጠውን ቀለበት በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ስትወልድና ስትቀጥን ይበየድላታል።

ሻዕባን 2

ይህን ቀስ ብዬ ልጻፈው፣ ልጁ ሲያድግ ደጋግሞ የሚያነበው ገጽ ይህ ነውና!

ቀትር ላይ ሁሉም ተኝቷል። ከድንኳኑ ውስጥ ጋይሻ ጠራችኝ።

«እማ፣ አባባ ብረት እየመታ ነው?»

«አይ ልጄ፣ ተኝቷል።»

«እሳቱስ?»

«ጠፍቷል።»

«ታዲያ ይሄ ብልጭታ ከየት ነው የሚመጣው?»

ዞር ብዬ አየሁ፣ ምንም የለም። ዓይኗን ጨፍናም ታየዋለች። ብረት ሲመታ እንደሚረጨው ያለ፣ ነጭና ቢጫ፣ ከግራ በኩል እየመጣ ይጠፋል አለች።

አለቀስኩ፣ በደስታ! የእናቴ እናት ስትተርክ ሰምቻለሁ፤ ቀጥቃጭ የሚሆን ልጅ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ እናቱን እሳቱን ያሳያታል። ወንድ ነው ማለት ነው። የኤፋድን መስፍና መዶሻ የሚወርስ መጣ ማለት ነው! ሮጬ ቀሰቀስኩት።

ተነስቶ ተቀመጠ። «መቼ ጀመራት?» አለ።

«አሁን! ደስ አይልህም?»

«ራሷንስ ያማታል?»

«ትንሽ። ሙቀት ነው።»

የሆቴሉን ቆርቆሮ ሁሉ ወደ ጥግ ገፋና ባሌስትራውን አወጣ። ያን ያህል ነው የተደሰተው፤ በዚያ ሐሩር ከሰል ለኮሰ። ፊቱን አላየሁትም፣ መከናነቢያውን እስከ ዓይኑ ስቦት ነበር።

ሻዕባን 5

ጩቤው ተሰነጠቀ።

ሦስት ቀን ነበር የቀጠቀጠው። ቀይ ሆኖ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ጥርስ እንደሚነቀል። ሲያወጣው ከወገቡ እስከ ጫፉ የፀጉር ያህል መስመር።

«ውሃው ነው» አልኩት።

«ውሃው አይደለም። ቸኮልኩ።»

ኤፋድ ቸኩሎ አያውቅም። ለጋይሻ አልነገርናትም።

ሻዕባን 6

ራሷን ያማታል። ማታም አልተኛችም። ግንባሯን በሻሽ አጥብቄ አሠርኩላት። ወተት ሰጠኋት፣ አስመለሳት። ሰባተኛው ወር አልፎም ማስመለስ አለ እንዴ? አለ፣ እኔም ሳልሆን አልቀርም። ረስቼዋለሁ።

ሻዕባን 9

አማቼ አታሄር ሽንኩርት ጭኖ ሲያልፍ ጎራ አለ። እኛን ቀጥቃጮችን ሰው ሁሉ ዓይን አፋር አይደሉም ይለናል፤ አማትና አማች ግን እኛም ዘንድ አይተያዩም። ስለዚህ ፊቱን ሸፍኖ በር ላይ ቆመ፣ እኔም ከቆዳ መጋረጃው ኋላ ተቀመጥኩ። ሚስቱን አይቶ ወጣ። ከዚያ መሄድ አቃተው። እኔን ማናገር አይችል፣ ስለ ሚስቱ እርግዝና በፊቴ ማውራት ደግሞ ጨርሶ ነውር ነው። ቆመ፣ ቆመ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ታሰረችው ፍየል ዞረ።

«አንቺ ፍየል» አላት፣ «እዚህ ቤት የታመመ ሰው ካለ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው። ካርዱ ላይ ተጽፏል። ፍየል ስለሆንሽ አታነቢም እንጂ።»

ወይኔ! ሆዴን ይዤ ሳቅኩ! ከመጋረጃው ኋላ «ፍየሏ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች፣ ብረቷን እየጠበቀች ነው በሉት!» አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ የመኪናው ሞተር ተነሳ።

ለጋይሻ ስነግራት ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከንፈሯ አብጦ ፈገግታው በአንድ በኩል ቀረ።

ኤፋድ ሁለተኛውን ጩቤ ጀምሯል። ዘንድሮ ፍየሏ ሳትቀር ትመክረኛለች።

ሻዕባን 11

የሆቴሉ ሰውዬ ደወለ። ግድግዳው ተቀብቷል፣ ሚስማሩ ሳይቀር ተመትቷል፣ ጩቤዎቹ የታሉ? ኤፋድ ቆርቆሮውን መልሶ አነሳ። ተጣላን።

«ለግድግዳ ጩቤ ትሠራለህ፣ ልጅህ ባዶ እጇን ተኝታለች!»

«አንቺ ነሽ የያዝሻት» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«እኔ ሂዱ ብያለሁ። ጩቤውን ጠብቂ ያልኩት እኔ አይደለሁም።»

ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። እኔስ ለማን ብዬ ነው? ስድስት ዓመት እንቅልፍ ያጣሁት ለማን ነው? አሁን ብወስዳትና ገበያው መሃል አንዷ «ወይ ስታምር!» ብላ አፏን ብትከፍት፣ በኋላ የምጠየቀው ማን ነው? እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን ትቶ ብረቱን መታ። ይቅርታ እንደ መጠየቅ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ሻዕባን 13

ከደሉ ጋር ተጣላሁ። አልጽፈውም ነበር፣ ግን ሁሉንም እጽፋለሁ ብያለሁ።

ጥብሷን በቅጠል ጠቅልላ መጣች። ጋይሻ ብርሃን እያመማት ድንኳኑን በጨርቅ ዘግታለች። ደሉ ገብታ አየቻትና ወጥታ እጄን ያዘች።

«አሰላማ፣ እህቴ ባልኪሱ እንዲህ ሆና ነበር። እግሯ፣ ፊቷ፣ ከዚያ ራሷን። ከዚያ ዝንብ ይታየኛል ትል ነበር። እኛም...»

«ዝንቡን ተይው!»

«ስሚኝ...»

«የሞተችው እህትሽ ናት?»

እጄን ለቀቀች።

«የሙት ስም ይዘሽ ነፍሰ ጡር ቤት ትገቢያለሽ? ውጪልኝ ደሉ። ውጪ!»

ወጣች። ጥብሱን በር ላይ አስቀምጣ ነው የሄደችው፣ ገና ትኩስ ነበር። ማንም አልበላውም።

ይህ ከተማ እኛን ቀጥቃጮችን ነው የሚፈራው። የጠየቅነውን የሚሰጠን አፋችን እንዳያርፍበት ነው። እኔ ደግሞ የምስኪን ጎረቤቴን አፍ ፈራሁ። ነገ አናግራታለሁ።

ጋይሻ ከድንኳኑ ውስጥ «ባልኪሱ ማናት እማ?» አለች።

«ማንም አይደለችም።»

ሻዕባን 15

ደረሰ! ደረሰ! ውሃ ገባ፣ ወጣ፣ አልተሰነጠቀም! ኤፋድ በጥፍሩ ሲመታው እንደ ደወል ጮኸ። ብርሃን ሲያርፍበት ወንዝ ይመስላል። መስቀሎቹንም አፈሰሰ፤ የጭቃውን ቅርጽ ሲሰብረው ሁለቱም ያለ እንከን ወጡ። የልጁ የትንሽ ጣቴን ጥፍር ታህላለች። እንዲህ ያማረ ነገር ከዚያ እሳት ወጥቶ አያውቅም፣ እና ኤፋድ ጩቤውን እጄ ላይ አኖረውና «በይ ሂዱ» አለ።

ግን አፎት የለውም። ራቁት ስለት ይዞ ገበያ አይገባም። ከሆቴሉ አፎቶች አንዱን ላልብሰው? ለቆርቆሮ የተሰፋውን? ለልጄ እኔም የእጄን ላድርግላት እንጂ! አባቷ የእሱን አድርጓል። ቀዩን ቆዳ ቆርጫለሁ። ሦስት ቀን፣ ከቻልኩ ሁለት። ካርዱ ላይ ሁለት ሳምንት ያለው አራት አልፎታል፣ ሁለት ቀን ምን ይጨምርበታል።

ጋይሻ ፊቷ እንደ ሙሉ ጨረቃ ነው። ከጎድን አጥንቷ ሥር በቀኝ በኩል ይወጋኛል አለች። እየረገጠ ነዋ ቀጥቃጩ!

ሻዕባን 17

ጠዋት ጋይሻ «እማ፣ ዛሬ እንሂድ» አለች።

«ነገ የኔ ልጅ። ዘርፉ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ያለ ዘርፍ አይሆንም?»

«ይሆናል፤ ግን ነገ ነው፣ ነገማ ቅርብ ነው።»

እጇን ዘረጋች፣ አፎቱን ልታይ መስሎኝ ሰጠኋት። አላየችውም። እጄን ነበር የምትፈልገው፣ ግን ከጎኔ ያለውን አየር ጨበጠች።

ዘርፉን ጨረስኩ። ያምራል። ያምራል ብዬ እጽፋለሁ፣ ያምራልና።

ሻዕባን 18

ወደቀች። ውሃ ማሰሮው ጋ። እጇ እግሯ ይመታል። አረፋ። ዓይኗ ነጭ። ስሟን ጠራሁ አልሰማችም። ጩቤውን እጇ ውስጥ አስያዝኳት፣ ጣቷ አልያዘውም። ደሉ ነች አጥር ዘላ የመጣችው። እንዳትታነቅ በጎኗ ያዞረቻት ደሉ ነች። የሰው መኪና። ኤፋድ ተሸክሟት። ጫማ የለኝም።

ያው ቀን

ሆስፒታል። ይዘዋት ገቡ። ጩቤውን ይዤ ተከትዬ ልገባ ስል ዘበኛው ያዘኝ።

«ስለት አይገባም እናቴ።»

«የእሷ ነው! ያለሱ መግባት የለባትም!»

«ስለት አይገባም። ስትወጪ ትወስጂዋለሽ።»

ተቀበለኝና ከጀርባው ግድግዳው ላይ ሚስማር ነበር፣ እዚያ ሰቀለው። ከአንድ ጃንጥላና ከተቆረጠ ገመድ ጎን። ኤፋድ ቀና ብሎ አየው።

«እሱም ግድግዳ ላይ ዋለ» አለ።

ልጄ ያለ ብረት ገባች።

ሻዕባን 19

ሴት ናት። ወንድ አይደለችም። ሆዷን ቀደው አወጧት። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ናት፣ የኤፋድን መዳፍ አትሞላም። ትተነፍሳለች። ጋይሻ አልነቃችም። እሷም ትተነፍሳለች፤ እየቆጠርኩ ነው።

ኤፋድ ዶክተሯን ሲያናግራት ሰማሁ። ሕፃኗን ይጠይቃል ብዬ ነበር።

«የቀደዳችሁበት ብረት ምን ዓይነት ነው?»

ሴትየዋ ደክሟታል፣ ግን አልተቆጣችም። ከኪሷ በወረቀት የታሸገ አውጥታ አሳየችው። የቅጠል ያህል ትንሽ። አገላብጦ፣ አገላብጦ አየው።

«ስትጨርሱ ማን ይስለዋል?»

«አይሳልም አባቴ። ይጣላል።»

መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጌጥ የለውም» አለ። «እጀታም የለው። መስቀልም የለው።» ከዚያ መከናነቢያውን ስቦ ፊቱን ሸፈነ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የቀለበቱን ቀን እጁ ከሙቀት አልነበረም የተንቀጠቀጠው። ያኔም አውቄው ነበር። ሙቀት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሻዕባን 20

ነርሷ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ወጣት ናት።

«እብጠቱ መቼ ጀመራት? ቀኑን ባያውቁት በግምት ይንገሩኝ።»

አውቃለሁ። ከከተማው ሴቶች ሁሉ ቀኑን የማውቅ እኔ ነኝ። ደሉ የሰው መኪና ስትጠራ ይህን ደብተር ከምንጣፉ ላይ አንስታ ከነቦርሳዬ ወርውራልኝ ነበር። ከፈትኩት።

«ረጀብ ሃያ ሁለት፣ እግር። ጣት ሲጫን ጉድጓድ ይቀር ነበር።»

ጻፈች።

«ረጀብ ሃያ ስምንት፣ እጅ። ቀለበት በመጋዝ ተቆረጠ።»

ጻፈች።

«ሻዕባን ሁለት፣ ብልጭታ።»

«ምን አሉኝ?»

«ብልጭታ ታያለች። ሻዕባን ስድስት፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ። ዘጠኝ፣ ከንፈር። አሥራ ሦስት፣ ብርሃን አመማት። አሥራ አምስት፣ ከጎድን በታች ውጋት። አሥራ ሰባት፣ እጄን ስትፈልግ አየር ጨበጠች።»

እስክሪብቶዋ ቆሟል። ደብተሩን አየችው፣ ሮዝ አበባውን። ከዚያ እኔን አየችኝ። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይህን ሁሉ ጽፈው ነበር?» አለች።

«ሁሉንም። ምንም አላመለጠኝም።»

ሻዕባን 22

ዓይኗን ገለጠች። «እማ» አለች፣ ግን ወደ ኤፋድ ዞራ ነው። ሰው እንደ ጭስ ይታየኛል አለች። ዶክተሯ ሊመለስ ይችላል አለች። «ይችላል» ነው ያለችው፤ ቃሉን ሳልለውጥ ጻፍኩት።

አታሄር ማታ ደረሰ። ከበሩ ማዶ ቆመ። ፍየል የለም፣ ግድግዳውን ነው ያናገረው። «ነገሬን ሰምታ ቢሆን» አለና አቆመ። መጋረጃ አልነበረኝም። ተነሳሁ፣ ፊት ለፊቱ ሄድኩ፣ ነውሩን ረገጥኩት። «ሰምቼህ ነበር» አልኩት። «ሰምቼ ሳቅኩ።» ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ አለቀሰ፤ እኔም።

ሻዕባን 24

ደሉ አደንጓሬ ጠብሳ አምጥታለች። ልናገር አፌን ስከፍት አንዱን አፌ ውስጥ ከተተችው። «ብይ፣ ወሬኛ» አለችኝ። ሦስት በላሁ። ሕፃኗን አሳየኋት። «አፍንጫዋ ያንቺ ነው፣ አላህ ይማራት» አለች። ከስንት ቀን በኋላ ሳቅኩ።

ስሟን ባልኪሱ ብንላትስ ስላት ደሉ ዞራ መስኮቱን ማየት ጀመረች። «ጋይሻን ጠይቂ» አለች።

ሻዕባን 25

ስም ወጣላት። ባልኪሱ። ጋይሻ ናት ያለችው፣ ሳልጠይቃት፤ ያን ቀን ከድንኳኑ ውስጥ ሁሉንም ሰምታ ነበር።

ሁለት ጩቤና ሁለት መስቀል ሳይጠናቀቁ የቀሩበት የሆቴሉ ሥራ እንዲሁ ተላከ። ኤፋድ የጋይሻን ጩቤ ከዘበኛው ተቀብሎ አምጥቶ «የት ላድርገው?» አለኝ።

ሻዕባን 27፣ ጠዋት

ከአሁን በኋላ በየቀኑ እንዲህ ነው የምጽፈው።

እግር፦ ጎድሏል። ጣት ሲጫን ጉድጓድ አይቀርም።
እጅ፦ የተቆረጠው ቀለበት ይወልቃል።
ወተት፦ ጠጥታለች፣ አላስመለሳትም።
ሕፃኗ፦ ሁለት ጊዜ ጠባች።
ዓይን፦ የነጠላዬን ጥለት ቀይ ነው ብላለች። ቀይ ነው።
ራስ፦ «ትንሽ» አለች።
ብልጭታ፦ ጠየቅኳት። «አንድ ብቻ፣ አሁን» አለች።

ነርሷ በረንዳው ጫፍ ላይ ናት። ይህን ጽፌ አልጨርሰውም፣ ልነግራት እየሮጥኩ ነ